በነርቭ መልእክት የሚያድግ ዕጢ፦ ግሊዮብላስቶማና የአንጎል ኬሚካሎች

እ.ኤ.አ. በ1928 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዋልተር ዳንዲ፣ በዕጢ የተወረረውን የቀኝ ግማሽ አንጎል እንዳለ ቆርጠው እንዳወጡ ለሙያ ባልደረቦቻቸው አስነበቡ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዕጢው ያለበት ወገን ከነሥሩ ከወጣ በሽታው የሚደበቅበት ስፍራ አይኖርም። የሕሙማኑ ግራ ጎን ሽባ ሆኖ ቀረ። ዕጢው ግን ቀድሞ ወደ ሌላኛው ወገን ተሻግሮ ስለነበር ተመለሰ።

ዛሬም የዚህ በሽታ ዋና ጠባይ ያው ነው። በአዋቂዎች ላይ ከአንጎል ከራሱ ከሚነሡት አደገኛ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው ግሊዮብላስቶማ በአሜሪካ በዓመት ከ100,000 ሰው 3 ያህሉን ይይዛል። መደበኛ ሕክምናው ከ2005 ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ሐኪሙ የሚችለውን ያህል ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ በጠቅላላው 60 ግሬይ የሚሆን ጨረር በ30 ቀጠሮ ተከፋፍሎ በ6 ሳምንት ይሰጣል፤ ከጨረሩ ጋር በየቀኑ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 75 ሚሊግራም ቴሞዞሎማይድ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ይዋጣል፤ ጨረሩ ካበቃ በኋላ መድኃኒቱ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ከፍ ብሎ በየ28 ቀኑ ለ5 ቀን፣ ስድስት ዙር ይቀጥላል። ይህ መርሐ ሕክምና የተመሠረተበት የ573 ሕሙማን ጥናት እንዳሳየው፣ ጨረር ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ 12.1 ወር የነበረው አማካይ የሕይወት ዘመን መድኃኒቱ ሲጨመር 14.6 ወር ሆነ። ሁለት ዓመት የደረሱት ከመቶ 10.4 ወደ 26.5 ከፍ አሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ለሃያ ዓመት ያህል በዚያው አካባቢ መቆማችን ስለ ዕጢው ያለን ግንዛቤ አንድ ነገር እንደጎደለው ያሳያል።

የጎደለው ነገር በአብዛኛው ዕጢውን ከአንጎል ነጥሎ ማየት ነበር። ለረጅም ጊዜ ሥዕሉ እንዲህ ነበር፦ ጂኑ የተበላሸ ሴል ልጓሙን በጥሶ ይባዛል፣ አንጎል ደግሞ የሚወረር መሬት ብቻ ነው። በ1938 ሐንስ ሼረር የሞቱ ሕሙማንን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ የዕጢው ሴሎች በነርቭ ሴሎች ዙሪያ ተሰብስበው፣ በነርቭ መስመሮችና በደም ሥሮች ላይ ተደርድረው አገኙ። ሴሎቹ እንዳገኙ አልተበተኑም፤ ቦታ መርጠዋል። ለምን መረጡ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ማግኘት የጀመረው ባለፉት ዐሥር ዓመታት ነው። መልሱም ዕጢው ከነርቭ ሴሎች መልእክት ይቀበላል፣ መልእክቱንም ለማደጊያ ይጠቀምበታል የሚል ነው።

ግሉታሜት፦ ከመልእክተኛነት ወደ መርዝነት

ነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት ሲናፕስ በሚባል፣ በሚሊሜትር ሳይሆን በናኖሜትር በሚለካ ጠባብ ክፍተት በኩል ነው። አንደኛው ሴል ሲቀሰቀስ ኬሚካል ይለቅቃል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሴል በተቀባይ ፕሮቲኖቹ ይይዘዋል። በአንጎል ውስጥ ዋናው ቀስቃሽ ኬሚካል ግሉታሜት ነው። ጤነኛ አንጎል በግሉታሜት አጠቃቀም ቆጣቢ ነው። በሲናፕሱ ውስጥ መጠኑ ለቅጽበት ብቻ ወደ 1 ሚሊሞላር ይወጣል፤ ከዚያ አስትሮሳይት የሚባሉት አጋዥ ሴሎች ጠርገው ወደ ውስጥ ያስገቡትና ከሴሎቹ ውጭ የሚቀረው ጥቂት ማይክሮሞላር (የሚሊሞላር ሺህኛ) ብቻ ነው።

የግሊዮማ ሴሎች (ግሊዮማ ከአንጎል አጋዥ ሴሎች ወገን የሚቆጠሩ ዕጢዎች ቤተሰብ ነው፤ ግሊዮብላስቶማ የዚህ ቤተሰብ ክፉው አባል ነው) ይህን ሥርዓት ይገለብጡታል። ግሉታሜትን የሚጠርገው ማጓጓዣ በእነርሱ ዘንድ ደካማ ነው ወይም ጭራሽ የለም። በምትኩ ኤክስሲቲ የተባለ ሌላ ማጓጓዣ ያበዛሉ። ይህ ማጓጓዣ አንድ ሲስቲን ሲያስገባ አንድ ግሉታሜት ያስወጣል። ሴሉ የሚፈልገው ሲስቲኑን ነው። ከሲስቲን ግሉታቲዮን ይሠራል፤ ግሉታቲዮን ደግሞ ከጨረርና ከኬሚካል ጉዳት ይከላከልለታል። ወደ ውጭ የሚጣለው ግሉታሜት የዚህ ንግድ ተረፈ ምርት መሆኑ ነው። ተረፈ ምርቱ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። በዙሪያው ያሉትን ነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ ቀስቅሶ በካልሲየም ጎርፍ ይገድላቸዋል፤ የራስ ቅል የማይለጠጥ ሣጥን በመሆኑ ዕጢው ቦታ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ያልሞቱትን ደግሞ የሚጥል በሽታ ውስጥ ይከታቸዋል።

በዚህ መስመር የሐራልድ ሶንታይመር ቡድን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሠርቷል። በ2001 ደግሞ ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ብዙ ግሉታሜት የሚለቅቁ የግሊዮማ ሴሎች በእንስሳት አንጎል ውስጥ ፈጥነው እንደሚያድጉ አሳየ። በዓመቱ ከጃፓን የመጣ ሥራ ዕጢው ለግሉታሜት ደንቆሮ እንዳልሆነ ገለጠ። የዕጢው ሴሎች አምፓ የሚባለውን የግሉታሜት ተቀባይ ራሳቸው ይይዛሉ፤ የያዙት ደግሞ ካልሲየም የሚያሳልፈውን ዓይነት ነው። በጤነኛ አዋቂ አንጎል አብዛኞቹ አምፓ ተቀባዮች አንድ የፕሮቲን ክፍል በመታረሙ የተነሣ ካልሲየም አያሳልፉም። በዕጢው ውስጥ ያ በር ክፍት ነው፤ በሩ ሲዘጋ የሴሎቹ ጉዞ ይቀንሳል፣ ራሳቸውን የሚገድሉትም ይበዛሉ።

በዚያን ጊዜ ግን ሁሉም ይህን የሚያስበው እንደ ሾርባ ነበር፤ ዕጢው ኬሚካል ይተፋል፣ በኬሚካሉም ይታጠባል። ቀጥተኛ መስመር አለ ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው።

መስመሩ ሲገኝ

በ2015 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሼል ሞንጄ ቡድን ከሕሙማን የተወሰደ የግሊዮማ ሴል በአይጦች አንጎል ውስጥ ተከለ። ከዚያ የአይጦቹን ነርቭ ሴሎች በጂን ምሕንድስና ለሰማያዊ ብርሃን እንዲቀሰቀሱ አድርጎ ብርሃኑን አበራ። ነርቮቹ በተቀሰቀሱበት አካባቢ ያለው ዕጢ ይበልጥ ተባዛ። ነርቮቹ ከተቀመጡበት ፈሳሽ የተገኘው ዋናው ቀስቃሽ ማንም ያልጠበቀው ነበር፦ ኒውሮሊጂን 3። ይህ ሲናፕሶችን አጣብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ነርቭ ሲቀሰቀስ አዳም 10 የሚባል ኢንዛይም እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፣ ቁራጩም ወደ ውጭ ይንሳፈፋል። ዕጢው ሲይዘው የመባዛት ትእዛዝ ወደ ውስጥ ይተላለፋል። ትእዛዙ ሴሉን ከማባዛት አልፎ ሲናፕስ ለመሥራት የሚያገለግሉ ጂኖችንም ያስነሣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የተደረገው ሙከራ ይበልጥ አስገራሚ ነበር። ኒውሮሊጂን 3 በሌላቸው አይጦች ውስጥ የተተከለው የሰው ግሊዮማ ለወራት ባለበት ቆመ። በእነዚያው አይጦች ውስጥ የተተከለ የጡት ካንሰር ግን እንደ ልማዱ አደገ። ስለዚህ ነገሩ የካንሰር ሁሉ አጠቃላይ ሕግ አይደለም፤ ግሊዮማ በተለይ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው።

በመስከረም 2019 ሦስት ጥናቶች በአንድ ላይ በኔቸር መጽሔት ወጡ። የሞንጄ ቡድንና በሃይደልበርግ የፍራንክ ቪንክለርና የቶማስ ኩነር ቡድን፣ እርስ በርስ ሳይጠባበቁ፣ በነርቭ ሴልና በግሊዮማ ሴል መካከል እውነተኛ ሲናፕስ እንዳለ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳዩ። ነርቩ ግሉታሜት ይለቅቃል፣ የዕጢው ሴል በአምፓ ተቀባዩ ይቀበላል፣ በዕጢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ለውጥና የካልሲየም ማዕበል ይነሣል። ሦስተኛው፣ ከዳግላስ ሐናሃን ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት፣ ወደ አንጎል የተዛመተ የጡት ካንሰር ሴል በነርቮች ሲናፕስ አጠገብ ተለጥፎ ከሌላ ጠረጴዛ ፍርፋሪ እንደሚለቅም ሁሉ የፈሰሰውን ግሉታሜት ኤንኤምዲኤ በተባለ ሌላ የግሉታሜት ተቀባይ እንደሚጠቀም አሳየ። ልዩነቱን ልብ ይሏል፦ የጡት ካንሰሩ አጠገብ ቆሞ ይሰርቃል፣ ግሊዮማው ግን በሕጋዊ ደንበኝነት የራሱን መስመር አስገብቷል።

ሲናፕስ ያለው የዕጢው ሴል ሁሉ አይደለም፤ በጣም ጥቂቱ ነው። ታዲያ ጥቂቶቹ እንዴት ለሁሉም ይበቃሉ? እዚህ ላይ የቪንክለር ቡድን በ2015 ያገኘው ነገር ወሳኝ ነው። የዕጢው ሴሎች ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ሊረዝሙ የሚችሉ ቀጫጭን የሴል ክሮች እየዘረጉ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በመገናኛዎቹ ላይ ኮኔክሲን 43 የተባለ ፕሮቲን ቀዳዳ ይሠራል፣ በዚያም ካልሲየም ከሴል ወደ ሴል ይሻገራል። አንዱ የሰማውን ሌላው ይሰማል። ጨረርና ኬሞቴራፒ የተያያዙትን ሴሎች ለመግደል የሚቸገሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ የተመታው ሴል ጉዳቱን ለጎረቤት ያካፍላል። ኦሊጎደንድሮግሊዮማ የተባለው የዕጢ ዓይነት እነዚህን ክሮች እምብዛም አይሠራም፣ ለሕክምናም የተሻለ ምላሽ ይሰጣል።

ከሲናፕስ ውጭ ሌላም መንገድ አለ። ነርቭ በተቀሰቀሰ ቁጥር ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል። የፖታሲየሙ መጨመር የዕጢውን ሴል ሽፋን የኤሌክትሪክ ሚዛን ያዛባል፤ መዛባቱ በተያያዘው መረብ ይዳረሳል። ተመራማሪዎች ነርቮቹን ትተው የዕጢውን ሴሎች ራሳቸውን በብርሃን ሲቀሰቅሱ ዕጢው ተባዛ። ምልክቱ ከየትም ይምጣ፣ ለዕጢው ቁም ነገሩ ሽፋኑ መቀስቀሱና ካልሲየም መግባቱ ነው።

ታዲያ በ2023 ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። የሃይደልበርጉ ቡድን ከዕጢው ሴሎች ጥቂቱ እንደ ልብ ምት ማስጀመሪያ በራሳቸው ጊዜ ጠብቀው ካልሲየም እንደሚረጩ አገኘ፤ ምቱ የሚሠራውም በካልሲየም የሚከፈት አንድ የፖታሲየም በር ሲኖር ነው። በሩን የሚዘጋው ሴኒካፖክ የተባለው መድኃኒት ቀደም ብሎ ለማጭድ ሴል ደም ማነስ ተሞክሮ የነበረ ነው። በዚያው ዓመት የሞንጄ ቡድን ቢዲኤንኤፍ የተባለው የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን በዕጢው ሲናፕስ ላይ አምፓ ተቀባዮችን እንደሚያበዛ አሳየ። ይህ አንጎል ትምህርትን የሚያጸናበት ስልት ነው። ደጋግሞ የተጠቀሙበት ሲናፕስ እንደሚጠነክር ሁሉ የዕጢውም ይጠነክራል።

በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ የሾን ሐርቪ-ጃምፐር ቡድን ከአይጥ ወደ ሰው ተሻገረ። ሕሙማን ሳይደነዝዙ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ላይ የሚያዩትን ነገር ስም እንዲጠሩ ሲጠየቁ፣ በዕጢ የተወረረው የአንጎል ክፍልም ተቀሰቀሰ። ቡድኑ ከአንጎል ጋር አብዝቶ ከተገናኘው የዕጢ ክፍል ናሙና ወስዶ ሲመረምር፣ ትሮምቦስፖንዲን 1 የተባለ ሲናፕስ ገንቢ ፕሮቲን በብዛት አገኘ። ዕጢአቸው እንዲህ የተገናኘባቸው ሕሙማን በአማካይ 71 ሳምንት፣ ያልተገናኘባቸው 123 ሳምንት ኖሩ። በዘርፉ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ይህ ልዩነት በእኛ ግምት ትልቁን ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም የአይጥ ሳይሆን የሰው ነው።

«አንጎልን ማረጋጋት» የሚለው ሐሳብ የሚሰበርበት

እስካሁን ያለውን ያነበበ ሰው አንድ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል፦ ቀስቃሹ ዕጢውን ካሳደገ አረጋጊው ያቆመዋል። አይደለም። የአንጎል ዋናው አረጋጊ ኬሚካል ጋባ ነው። ጋባ የሚያረጋጋው የክሎራይድ በር በመክፈት ነው፤ በአዋቂ ነርቭ ውስጥ ክሎራይድ ጥቂት ስለሆነ በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ ይገባና ሴሉን ያበርዳል። በልጆች ላይ የሚመጣው፣ ኤች3 ኬ27ኤም የተባለ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ያለበት የአንጎል መካከለኛ መስመር ግሊዮማ ግን ኤንኬሲሲ1 በሚባል ፓምፕ ክሎራይድ በውስጡ ያከማቻል። በሩ ሲከፈት ክሎራይዱ ይወጣል፣ ሴሉም ይቀሰቀሳል። አረጋጊው ቀስቃሽ ሆነ ማለት ነው። የሞንጄ ቡድን በ2025 ባወጣው ሥራ የጋባን ኃይል የሚያጎላው ሎራዜፓም በአይጦች ላይ ይህንኑ ዕጢ አፋጠነው። የአዋቂዎቹ የአንጎል ንፍቀ ክበብ ግሊዮብላስቶማ ለጋባ ያለው ምላሽ ግን በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ አንዱ ዕጢ ላይ የሚሠራው ስልት በሌላው ላይ ሊገለበጥ ይችላል፤ የሞለኪውል ምርመራው የትኛው ዕጢ እንደሆነ ሳይናገር ስለ ኬሚካሉ መናገር ትርጉም የለውም።

አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክት ኬሚካልም በዚህ ዝርዝር ገብቷል። በቫይረስ አማካይነት የነርቭ መስመሩን ወደ ኋላ የሚከታተሉ ጥናቶች (ለሥራው የሚውለው የተዳከመ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው፤ ከሴል ወደ ሴል በሲናፕስ በኩል ወደ ኋላ ስለሚሄድ) ዕጢው ከሩቅ የአንጎል ክፍሎች፣ ከማዶው ንፍቀ አንጎል ጭምር፣ ግብዓት እንደሚቀበል አሳይተዋል። ከግሉታሜት ውጭ የአሴቲልኮሊን ነርቮችም ከነዚህ መካከል ናቸው። አጭር የአሴቲልኮሊን ምልክት ብቻ በዕጢው ሴል ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ የጂን ለውጥ ያስከትላል። ዳንዲ በ1928 ለምን እንዳልተሳካላቸው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሌላው የነርቭ መልእክት ኬሚካል ዶፓሚን ደግሞ ስለ መድኃኒት አመጣጥ አንድ ነገር ያስተምራል። ዶርዳቪፕሮን የተባለው መድኃኒት ኦንሲ201 በሚለው ስሙ ሲጠና የዶፓሚን ዲ2 ተቀባይን ይዘጋል ተብሎ ነው የታወቀው። በኋላ ሌላ ዒላማ እንዳለው ታየ፤ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ክሊፕፒ የተባለውን ኢንዛይም ከልክ በላይ ያነሣሣል። በነሐሴ 2025 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤች3 ኬ27ኤም ሚውቴሽን ላለበትና ከሕክምና በኋላ ለተባባሰ የመካከለኛ መስመር ግሊዮማ በተፋጠነ ሂደት ፈቀደለት። ፈቃዱ የቆመበት መረጃ 50 ሕሙማን ላይ ነው፤ ዕጢው የቀነሰላቸው ከመቶ 22 ናቸው። ከሙሉ ፈውስ የራቀ ነው፣ ለዚህ በሽታ ግን ከባዶ ይሻላል።

መድኃኒቶቹ የት ላይ ይወድቃሉ?

በዚህ መስክ ተስፋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አብዛኞቹ በመደርደሪያ ላይ ያሉ ናቸው፤ ለሚጥል በሽታ፣ ለነርቭ ሕመም፣ ለአንጀት ቁስለት። ይህ ጥቅም አለው፤ ደኅንነታቸው ታውቋል። ጉዳትም አለው፤ በየቤቱ ያለ መድኃኒት ስለሆነ ሰው በራሱ ፈቃድ ሊጀምር ይችላል።

ለአንጀት ቁስለት የሚሰጠው ሰልፋሳላዚን ምሳሌ ነው። ኤክስሲቲን በቤተ ሙከራ ይዘጋል፤ በአይጦች ላይ ከዕጢ የሚመጣውን የሚጥል በሽታ ቀንሷል። በሕሙማን ላይ የተደረገው አንድ ሙከራ ግን 10 ሰው ላይ ደርሶ ቆመ፤ ምላሽ አልታየም፣ ጉዳቱ በዛ። ምክንያቱ በከፊል የሚገመት ነው። መድኃኒቱ ሲዋጥ አብዛኛው ትልቁ አንጀት ደርሶ በባክቴሪያ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ኤክስሲቲን የሚዘጋው ግን ያልተሰነጠቀው ነው። ያልተሰነጠቀው ጥቂት ወደ ደም ቢገባም የደምና የአንጎልን ድንበር ማለፍ አለበት። ለአንጀት ሕመም ጥሩ የሆነው ባሕርይ ለአንጎል መጥፎ ሆነ።

ታላምፓኔል አምፓን የሚዘጋ ሌላ መድኃኒት ነው። ከጨረርና ከቴሞዞሎማይድ ጋር ለ72 አዲስ ሕሙማን ሲሰጥ አማካይ የሕይወት ዘመናቸው 18.3 ወር ሆነ፤ ዕጢው ለተመለሰባቸው ብቻውን ሲሰጥ ግን ፋይዳ አልታየም። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያስደስት ይመስላል፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። በዚህ በሽታ ወጣትና ብርቱ ሕሙማን ወደ ጥናት ስለሚገቡ ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር ሁልጊዜ ያማልላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት የቫልፕሮኤትና የሌቬቲራሴታም ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። ትንንሽ ጥናቶች ዕድሜ ያራዝማሉ ብለው ነበር፤ በ2016 የአራት ትላልቅ ሙከራዎች 1,869 ሕሙማን አንድ ላይ ሲታዩ ጥቅሙ ጠፋ።

የነርቭ ሕመም መድኃኒቱ ጋባፔንቲን አሁን ያለው በዚያው መንታ መንገድ ላይ ነው። ትሮምቦስፖንዲን የሚይዘውን አልፋ2ዴልታ1 የተባለ ፕሮቲን ይዘጋል፤ ስለዚህ መነሻው ምክንያታዊ ነው። በ2025 የወጣ የሆስፒታል መዛግብት ጥናት በቦስተን ጋባፔንቲን የወሰዱት 16 ወር፣ ያልወሰዱት 12 ወር፤ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ 20.8 እና 14.7 ወር እንደኖሩ አሳየ። በሁለቱ ከተሞች 1,072 ሕሙማን ታይተዋል። ነገር ግን ይህ መዝገብ የማገላበጥ ሥራ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ሕመም ጋባፔንቲን የሚሰጠው ምናልባት ሻል ላለው ሕመምተኛ ነው፤ መድኃኒቱን ለመውሰድም በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል። በዕጣ የሚደለድል ሙከራ ብቻ ነው የሚለየው። እስከዚያ ድረስ በሽተኛ በራሱ ጊዜ ቢጀምረው ማደንዘዝና መንገዳገድ ያመጣበታል፤ ከሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ጋር ሲደረብ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት።

ፔራምፓኔል ከሁሉ ይበልጥ ወደ ዒላማው ይቀርባል፤ አምፓን ይዘጋል፣ ወደ አንጎል ይገባል፣ ከ2012 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ተፈቅዷል። በሞንጄ ቤተ ሙከራ የዕጢ ሴሎችን መባዛት በአይጦች ላይ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ችግሩ ግን የአምፓ ተቀባይ የዕጢው ብቻ ንብረት አለመሆኑ ነው፤ የምናስበው፣ የምንራመደው፣ የምናስታውሰው በእርሱ ነው። መጠኑ በቀን ከ2 ሚሊግራም ይጀምርና ቀስ እያለ እስከ 12 ይወጣል፤ ከፍ ሲል ማዞር፣ እንቅልፍ፣ አንዳንዴም ብርቱ ቁጣና ጠብ አጫሪነት ያመጣል። በአሜሪካ የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ሣጥን ውስጥ የተጻፈው ይኸው ነው። ዕጢው ያለበት ክፍል ራሱ ጠባይ የሚለውጥ ሲሆን ቤተሰብ የትኛው ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል።

የሚጥል በሽታ፣ ፌኖባርቢታልና የመድኃኒቶች መጋጨት

ከግሊዮብላስቶማ ሕሙማን ከሦስት አንዱ እስከ ግማሹ መጀመሪያ የሚታወቁት በሚጥል በሽታ ነው። ቀስ ብለው የሚያድጉትና አይዲኤች በተባለ ጂን ላይ ሚውቴሽን ያለባቸው ግሊዮማዎች ከዚህም በላይ የሚጥል በሽታ ያመጣሉ። ለዚህም ኬሚካላዊ ምክንያት አለ፤ በሚውቴሽኑ የሚመረተው ዲ-2-ሃይድሮክሲግሉታሬት ቅርጹ ግሉታሜትን ስለሚመስል ነርቮችን ይቀሰቅሳል። በነሐሴ 2024 ለዚህ ዓይነት የተፈቀደው ቮራሲዴኒብ የዚሁን ኬሚካል ምርት ያቆማል።

ስለዚህ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ምርጫ እዚህ ተራ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ፌኖባርቢታል ርካሽና በየጤና ጣቢያው የሚገኝ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ ለተለመደው የሚጥል በሽታም ተገቢ መድኃኒት ነው። ዕጢ ላለበት ሰው ግን ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የጉበትን መድኃኒት አፍራሽ ኢንዛይሞች ያነሣሣሉ። ውጤቱ ብዙ ነው። ለአንጎል እብጠት የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ቶሎ ይፈርሳል፣ እብጠቱም በታሰበው መጠን አይወርድም። ጉበት የሚያፈርሳቸው የካንሰር መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ይወርዳል። ፔራምፓኔልም ካርባማዜፒን ካለ ከመጠኑ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ያጣል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሕመምተኛ ይህን ካልተናገረ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይወጣል። ቴሞዞሎማይድ በዚህ መንገድ ስለማይፈርስ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። ሌቬቲራሴታም ኢንዛይም ስለማያነሣሣ በብዙ አገር የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው በዚህ ነው፤ የተለመደው አጀማመር 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ብስጭትና ድብርት ሊያስከትል ይችላል።

መድኃኒት ሲቀየር አሮጌው በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። በተለይ ፌኖባርቢታል በድንገት ከተተወ የማያቋርጥ የሚጥል ጥቃት ሊያስነሣ ይችላል፤ አዲሱ መጠኑ እስኪደርስ አሮጌው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሌላው ጥያቄ ጥሎት የማያውቅ ሕመምተኛ ለመከላከል ይውሰድ ወይ የሚለው ነው። በ2021 የአሜሪካና የአውሮፓ የኒውሮ ኦንኮሎጂ ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ አያስፈልገውም ይላል። ነርቭ መቀስቀስ ዕጢ ያሳድጋል የሚለው ግኝት ይህን መመሪያ ገና አልቀየረውም፤ የ1,869ኙ ሕሙማን መረጃ ከአይጦቹ ይበልጣልና።

አሁን በሂደት ላይ ያሉት ሙከራዎች ከቀድሞዎቹ ስህተት የተማሩ ይመስላሉ። በዙሪክ የተነደፈው ግሉግሊዮ የተባለው ጥናት አንድ በር ብቻ ከመዝጋት ይልቅ ሦስት መድኃኒት በአንድነት ከጨረርና ከቴሞዞሎማይድ ጋር ይሰጣል፤ ግሉታሜት እንዳይለቀቅ ሰልፋሳላዚን፣ ኤንኤምዲኤን ለመዝጋት ሜማንቲን፣ ሲናፕስን ለማዳከም ጋባፔንቲን፤ ሕሙማኑም በዕጣ ይደለደላሉ። በጀርመን ሌላ ቡድን መክሎፌናሜት የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚፈትነው የዕጢ ሴሎችን መያያዣ ቀዳዳዎች ይዘጋል በሚል ነው። ፐርሰርጅ በተባለው የጀርመን ጥናት ደግሞ ዕጢው የተመለሰባቸውና ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሕሙማን በዕጣ ፔራምፓኔል ወይም ባዶ ክኒን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ይወስዳሉ። የወጣው ዕጢ ወደ ቤተ ሙከራ ሄዶ ሴሎቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደተያያዙ ይለካል። ቀደም ያሉት ሙከራዎች ሕመምተኛው ስንት ወር ኖረ ብለው ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ ይህኛው መድኃኒቱ ዕጢው ውስጥ ደርሶ መስመሩን አቋርጦ እንደሆነ በተቆረጠው ሥጋ ላይ ያያል።